ሌንሱን ከመክሰሳችን በፊት

(ለፎቶግራፍ አንሺዎች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሌንስ ፈተና ተናገር ስባል መጀመሪያ የራሴን ጉድ ማውጣት እንዳለብኝ ገባኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ። የዚያኑ ዕለት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ደርድሬ ለጠፍኩና አፐርቸሩን፣ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ በኤፍ 1.8 አነሳሁ። ምስሉን አሳድጌ ሳይ መሃል ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይነበባል። በስተቀኝም ደህና ነው። በስተግራ፣ በሩ አጠገብ ያለው ገጽ ግን እንባ ባቀረረ ዓይን የታየ ይመስላል። በማግስቱ መለስኩት። ሻጩ ሰው አክባሪ ነበርና ሳያቅማማ ሌላ ሰጠኝ። ሁለተኛውም ግራው ፈዛዛ! ያንንም ይዤ ተመለስኩ። ሦስተኛውን ሲሰጠኝ የሻጩ ፊት እንደ መጀመሪያው ቀን አልነበረም። እቤት ገብቼ ሦስተኛውን ሞከርኩት፤ አሁንም ግራው።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። ሦስት ሌንሶች ተማክረው በአንድ ጎናቸው አይታመሙም። ካሜራውን ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው) ላይ እንዳለ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቄ፣ መሃሉን እንደገና አስተካክዬ፣ ያንኑ ግድግዳ አነሳሁት። ሌንሱ ታሞ ቢሆን ኖሮ ካሜራው ሲገለበጥ ብዥታውም ወደ ሌላው የጋዜጣ ገጽ መሻገር ነበረበት። አልተሻገረም። በሩ አጠገብ የለጠፍኩት ያው ገጽ እንደደበዘዘ ቀረ። ካሜራዬ ለግድግዳው ፊት ለፊት አልቆመም ነበር፤ በትንሹ ዘወር ብሎ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄን ነው፤ የራሴን አቋቋም መመርመር ፈርቼ ሦስት ንጹሕ ሌንሶች ስከስ ከረምኩ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሌንስ ከመፈተናችን በፊት ፈተናችን ራሱ መፈተን አለበት። ይሄ ደግሞ የእኛ የአማተሮቹ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990 ሲመጥቅ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስታወቱ በጥንቃቄ ተሞርዶ፣ በጥንቃቄ ተለክቶ ነበር። የላከው ምስል ግን ብዥ ያለ ሆነ። ሲጣራ መስታወቱ ዳሩ አካባቢ በ2 ማይክሮ ሜትር ገደማ ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተገኘ። መስታወቱን ለመለካት የተሠራው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ተገጥሞ ኖሯል። ሞራጆቹ ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል፤ የሠሩት ግን ጠማማውን መለኪያ ተከትለው ነው። የሚገርመኝ ይህ አይደለም። ሌሎች ቀለል ያሉ መለኪያዎች አንድ ስሕተት እንዳለ ያኔውኑ አሳይተው ነበር፤ ግን ዋናው መሣሪያ ይበልጣል ተብሎ ሳይሰሙ ቀሩ። ጥገናው የተደረገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ወደ ላይ ወጥተው ነው። እኔ ቢያንስ እስከ ሻጩ ብቻ ነው የተመላለስኩት።

እሺ፣ ጥርት ማለት ምንድን ነው? ሻርፕ ነው፣ ሻርፕ አይደለም እያልን የምንከራከርበት ነገር በቁጥር ሲነገር እንዲህ ነው። ጥቁርና ነጭ መስመሮች ተራ በተራ የተደረደሩበት ወረቀት አስቡ። ሌንሱ ፍጹም ቢሆን ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ያርፋል። እውነተኛ ሌንስ ግን ከነጩ ላይ ትንሽ ብርሃን ወደ ጥቁሩ ያፈስበታል። ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም ግራጫ ወደ መሆን ይቀራረባሉ። መስመሮቹ እየቀጠኑ በሄዱ ቁጥር ልዩነቱ እየሟሸሸ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል። ኤም ቲ ኤፍ የሚባለው ከርቭ ይህን የሟሸሸውን ልዩነት የሚያሳይ ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሜትር 10 ጥንድ መስመርና 30 ጥንድ መስመር ላይ ያለውን ያሳዩናል። 10ሩ ምስሉ ከሩቅ ሲታይ ያለውን ጉልበት፣ 30ው ደግሞ ጥቃቅኑን ዝርዝር ይነግረናል ብላችሁ ብትይዙት አትሳሳቱም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ከሌንስ ጋር ከሚታተሙት ከርቮች ብዙዎቹ ከንድፉ በኮምፒውተር የተሰሉ እንጂ እጃችሁ ላይ ካለው ሌንስ የተለኩ አይደሉም። እናንተ የገዛችሁት ንድፉን ሳይሆን ከንድፉ የተሠራ አንድ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ መፈተን ትርጉም ያለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ።

ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር፣ ከግድግዳው 2.5 ሜትር ርቀት። ፍሬሙ ግድግዳው ላይ 1.8 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል። ካሜራው 2 ዲግሪ ብቻ ዘወር ቢል፣ በዓይን የማይታወቅ ነገር ነው፣ የፍሬሙ አንዱ ዳር በ3 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል፣ ሌላው በ3 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በኤፍ 1.8፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ በፒክስል ደረጃ ከፈረድን ደግሞ ጥርት የሚለው ክልል ከፊትም ከኋላም 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱም ዳር ከክልሉ ይወጣል። «ያንተ ታዲያ ለምን ግራው ብቻ ፈዘዘ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሌንስ ፎከስ የሚያደርገው ልክ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ በሆነ ቦታ ላይ ሳይሆን እንደ ሳሕን ትንሽ ጎበጥ ባለ ቦታ ላይ ነው። ጉብጠቱ በአንዱ ዳር ከካሜራው መዞር ጋር ይደራረብና ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ በሌላው ዳር ይቃረነውና ይሸፍነዋል። የኔ ቀኝ ደህና መስሎ የታየኝ እንዲህ ነው።

ለዚህ የሚሆን መድኃኒት መስታወት ነው። ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት የፍሬሙ መሃል የሚያርፍበት ቦታ፣ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጉ። ከዚያ በካሜራው ስክሪን መስታወቱ ውስጥ የሚታየውን የራሳችሁን ሌንስ ፈልጉ። የሌንሱ ክብ በፍሬሙ ልክ መሃል ላይ ከተቀመጠ ካሜራው ለግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። ካልተቀመጠ ትራይፖዱን ገፋ፣ ካሜራውን ዘወር፣ እንደገና ማየት። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ቀጥ ብሏል ብዬ የማልኩበት ካሜራ ሌንሱን ከመስታወቱ ጭራሽ ውጭ ነበር ያሳየኝ። ሜትርና ውሃ ልክ ይዛችሁ ከምትታገሉ ይሄ ይበልጣል፤ ዋጋውም የለም።

ሁለተኛው ጣጣ ፎከስ ነው። አውቶፎከስ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ አንዴ ትንሽ ቀደም፣ አንዴ ትንሽ ዘግየት ይላል። ስለዚህ አንድ ምስል አንስቶ ሌንስ ላይ መፍረድ አንድ ምስክር ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው። እኔ የማደርገው ላይቭ ቪውን (ስክሪኑ ላይ በቀጥታ የሚታየውን ምስል) 10 እጥፍ አሳድጌ፣ ፎከሱን በእጄ አዙሬ፣ አነሳለሁ። ከዚያ ፎከሱን ሆን ብዬ አበላሽቼ እንደገና ከዜሮ አስተካክላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ሰባት ጊዜ። ከሁሉ ጥርት ያለውን ነው የምይዘው፤ ሌንሱ የሚችለውን የሚነግረኝ እሱ ነው። እነዚያ ስድስት ሰባቱ እርስ በርሳቸው በጣም ከተለያዩ ግን ፈተናው ገና አልጀመረም ማለት ነው። የሆነ ነገር እየተንቀጠቀጠ ወይም እየተንሸራተተ ነው።

መንቀጥቀጡን ባጭሩ፦ ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ካለ ተጠቀሙ፣ ውስጡ የሚነሳ መስታወት ያለው ካሜራ (ዲ ኤስ ኤል አር) ከሆነ መስታወቱን አስቀድማችሁ አንሱት፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሳለ የማረጋጊያውን ሥርዓት አጥፉት፣ የትራይፖዱን መሃል ምሰሶ አታስረዝሙት። የእንጨት ወለል ላይ ከሆናችሁ ቆጣሪው እየሮጠ አትራመዱ። ይሄን የመጨረሻውን የተማርኩት ከድመቴ ነው።

ሌንሱ ፊት ላይ የተገጠመውን ፊልተር አውልቁ። ቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ) የምትፈትኑ ሰዎች ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሩቅ ሕንጻ አንስታችሁ «ሌንሱ ፈዛዛ ነው» አትበሉ፤ የምታዩት ከሞቀ መሬት የሚነሳ አየር ሲንቀጠቀጥ ነው። ያን የሚያስተካክል ሌንስ እስካሁን አልተሠራም።

ወረቀቱስ? የመፈተኛ ወረቀት በውድ መግዛት አለብን ወይ እያሉ የሚጨነቁ አሉ። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ቅድም ባልነው 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ሴንሰር የአንዱ ፒክስል ስፋት 6 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ሊለየው የሚችለው ከፍተኛው ነገር በሚሊ ሜትር 83 ጥንድ መስመር ገደማ ነው። ከሌንሱ የፎካል ርዝመት 50 እጥፍ ስትርቁ ምስሉ ወደ 50 እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚያስፈልገው በሚሊ ሜትር ከ2 ጥንድ መስመር ያነሰ ነው። ተራ የቤት ፕሪንተር ይሄን ያለ ችግር ያትማል። ጋዜጣም ይበቃል። በቅርበት ለሚያነሳ ለማክሮ ሌንስ ግን ይህ አይሠራም፤ ያኔ የምታዩት የቀለሙን ፍንጥርጣሪ ነው።

የተለመዱት ወረቀቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 ለአሜሪካ አየር ኃይል የተዘጋጀው፣ ሦስት ሦስት መስመሮች እያነሱ የሚሄዱበት ሰሌዳ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ ስድስት እርከን በወረዳችሁ ቁጥር የመስመሮቹ ጥግግት እጥፍ ይሆናል። ችግሩ የመጨረሻውን የሚታይ መስመር የሚወስነው ዓይናችሁ ነው፤ ሌንሱን ከወደዳችሁት ዓይናችሁም ደግ ይሆናል። እኔ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። በዚህ ምክንያት ነው አይኤስኦ 12233 የሚባለው መስፈርት ያዘመመ ጠርዝ የሚጠቀመው። ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት አንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ወደ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ተደርጎ ይነሳል። ጠርዙ ዘንበል ስላለ በእያንዳንዱ የፒክስል ረድፍ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተፈቀቀ ይወድቃል፤ ሶፍትዌሩ ያን ሁሉ አሰባስቦ ከአንድ ፒክስል ባነሰ ርምጃ ጥቁሩ ወደ ነጭ እንዴት እንደተሻገረ ያወጣል። ሸጋ ብልሃት ነው። ግን ውጤቱ የሌንሱ ብቻ አይደለም፤ የሴንሰሩና የካሜራው ሶፍትዌር ድርሻም አለበት። ጄፔግ አንስታችሁ ካሜራው በራሱ ይበልጥ ስል ያደረገውን ጠርዝ ብትለኩ የለካችሁት የካሜራውን ቅባት ነው። ሮው (ካሜራው ያልነካካውን ጥሬ ምስል) አንሱ፣ የሶፍትዌሩን ጥርት ማድረጊያ ዜሮ ላይ አድርጉት።

ምስሎቹን አነሳችሁ እንበል። አነባበቡ ላይ እኔ ከመሃል ነው የምጀምረው። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆኖ መሃሉ ከጥጎቹ ካልበለጠ በአብዛኛው ፎከሱ ስቷል፤ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንሱ። መሃሉ ደህና ሆኖ አራቱም ጥግ በእኩል ከፈዘዘ፣ ፎከሱን ጥጉ ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ጥጉ ጥርት ካለ የሌንሱ ፎከስ የሚያርፍበት ቦታ ቅድም እንዳልኩት እንደ ሳሕን ጎባጣ ነው፤ ይሄ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም፣ የሰው ፊት ለሚያነሳ ሰው ምንም አይጎዳውም። የትኛውም ፎከስ ጥጉን ካላዳነው የሌንሱ ንድፍ አቅሙ እስከዚያ ነው። አራቱ ጥግ ሳይሆን አንዱ ብቻ ከሦስቱ ከተለየ፣ ካሜራው ቀጥ ማለቱን በመስታወቱ አረጋግጣችሁ፣ ካሜራው ሲገለበጥም ብዥታው ወደ ሌላ ገጽ ከተሻገረ፣ ያኔ ሌንሱ ውስጥ ካሉት ብርጭቆዎች አንዱ ከመስመሩ ወጥቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ካሜራው ራሱ እንዳይሆን ደግሞ ሌላ ሌንስ ገጥማችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩ። ስትገለብጡ «ግራ»፣ «ቀኝ» አትበሉ፤ አንዳንድ ፕሮግራም ምስሉን ራሱ ያዞረዋል። «ይህኛው የጋዜጣ ገጽ» በሉ።

አፐርቸሩን ስትቀይሩ ፎከሱንም እንደገና አድርጉ። አንዳንድ ሌንስ ከኤፍ 1.4 ወደ ኤፍ 4 ሲጠብ ፎከሱ ቦታውን ይለቃል፤ «ሲጠብ ባሰበት» የሚባለው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ከመጠን በላይ ሲጠብ ደግሞ በእርግጥም ይብስበታል፤ ይሄ ግን የሌንሱ ጥፋት ሳይሆን የብርሃን ተፈጥሮ ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤይሪ እ.ኤ.አ. በ1835 እንዳሳየው አንዲት የብርሃን ነጥብ በፍጹም ሌንስ ውስጥ እንኳ ትንሽ ክብ ሆና ነው የምታርፈው። ለአረንጓዴ ብርሃን የክቧ ስፋት በኤፍ 4 ወደ 5 ማይክሮ ሜትር፣ በኤፍ 8 ወደ 11፣ በኤፍ 16 ወደ 21፣ በኤፍ 22 ወደ 30 ነው። ፒክስላችሁ 6 ማይክሮ ሜትር እንደሆነ አስታውሱ። በኤፍ 22 በጣም ውዱና ርካሹ ሌንስ መመሳሰል የሚጀምሩት ለዚህ ነው። በዚያ አፐርቸር ሌንስ ማወዳደር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

አሁን አንድ ነገር በተግባር ላሳያችሁ። መብራቱን አጥፉልኝ እባካችሁ። ይሄ አሉሚኒየም ፎይል ነው፤ በመርፌ ጫፍ በስቼዋለሁ፣ ቀዳዳው 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከኋላው የስልኬ መብራት አለ። ወንበሮቹ መጨረሻ ላይ፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ 1.5 ማይክሮ ሜትር፣ የፒክስሉ ሩብ ብቻ ነው የሚሆነው። ኮከብ በሉት። ጥርት ባለ ፎከስ ሳየው ነጥብ ነው። አሁን ወደ ጥጉ ልውሰደው። አያችሁ? ክንፏን እንደዘረጋች ወፍ ሆነ። ይሄ ኮማ ነው፤ ሌሊት ከዋክብት ለሚያነሳ ሰው ትልቅ ጉዳይ፣ ለሌላው እምብዛም። ወደ መሃል ልመልሰውና ፎከሱን ላበላሸው። ነጥቡ ሰፍቶ ክብ ሆነ። እዚህ ነው ዓይናችሁን የምፈልገው። ክቡ ውስጥ ብርሃኑ በዙሪያው እኩል ነው? ልክ መሃል ላይ ሆኖ አንዱ ጎኑ ከደመቀ ወይም ከተጨመቀ ሌንሱ ከመስመሩ ወጥቷል። ግድግዳ የለም፣ ጋዜጣ የለም፣ ቀጥ ማለት አያስፈልግም። ይሄንን ዘዴ የምወደው ውሸት የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለው ነው።

የኔው ሌንስ፣ ያ ሦስተኛው፣ አሁን ካሜራው ላይ ያለው እሱ ነው። ክቡ እኩል ነው።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት እኅት ሌንሷን ይዛ መጣች። ውስጡ አቧራ ገብቷልና ጥርቱን አበላሽቶብኛል፣ ልለውጠው ነው አለችኝ። መብራቱን እንደገና አስጠፋንና ገጠምነው። ፎከሱን ሳበላሸው ክቡ ውስጥ ሦስት ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ፤ አቧራው ነው። ክቡ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር። ፎከሱን ስመልሰው ነጥቦቹ ጠፉ፣ የቀረው የጠበበ ነጭ ነጥብ ነው። «ታዲያ ፎቶዬ ለምን ይፈዛል?» አለች። ፊት ለፊት የተገጠመውን ፊልተር አየሁት፤ የጣት አሻራ ጠግቧል። አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ስልኩን ራሷ ይዛ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደች፣ «እዚህስ?» እያለች።